ምች የሚመስለው ተኵላ

ከጫንጮ ገበያ ውላ የተመለሰች ልጃገረድ ፊቷ ተቈጥቶ፣ ሰውነቷ ግሎ ብትተኛ የጎረቤቱ ፍርድ አንድ ነው፤ «ምች መትቷታል!» ዳማከሴ ይታሽላታል፤ ብዙ ጊዜም ይሻላታል። ነገር ግን ይኸው «ምች» ፀሐይ ባገኛት ቍጥር የሚመለስ፣ የጣቶቿንም አንጓ የሚያሳብጥ ከሆነ ሌላ ስም ልንፈልግለት ይገባል። ሊሆን ከሚችለው አንዱ ሉፐስ ነው።

እኛ የአርትስ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ይሁን እንጂ ነገሩ የዕድሜ እኩዮቻችንን የሚነካ ስለ ሆነ ዝም ማለት አልወደድንም።

ሉፐስ በላቲን ቋንቋ ተኵላ ማለት ነው። ጠባዩም ይህ ነው፤ ሰውነትን ከተሕዋስያን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ቤቱን ይወጋል። ዘበኛው በጌታው ላይ ተነሣ እንደ ማለት ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትን፣ ሳንባን፣ ልብንና አንጎልን ሊያጠቃ ይችላል። በሽታው ከቆዳ አልፎ ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ ካፖሲ የተባለ የቪየና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1872 አስረድቷል።

አሁን ወደ ዕድሜው እንምጣ። ሉፐስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ15 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ይኸውም በእኛው ዘመን ነው። በዚህ ዕድሜ ከ10 ሕሙማን 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው። ከ50 ዓመት በኋላ ሲጀምር ግን የወንዶቹ ድርሻ ከፍ ይላል።

መልኩም እንደ ዕድሜው ይለያያል። በወጣቶች ላይ አመጣጡ ይበረታል፤ በጉንጭና በአፍንጫ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተዘረጋ ሽፍታ ያወጣል፤ ኩላሊትንም አዘውትሮ ይጎዳል። ኩላሊት ሲጎዳ ሕመም ላይሰማ ይችላል፤ ምልክቱ የሽንት አረፋ፣ የእግር እብጠትና የደም ግፊት ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ሽፍታው መጥቆር እንጂ መቅላት ሆኖ ላይታይ ስለሚችል ብዙዎችን ያታልላል።

በሸመገለ ሰው ላይ ግን ተኵላው ቀስ ብሎ ይገባል። ድካም፣ ክሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የዐይንና የአፍ መድረቅ፣ የሳንባ ሕመም ይታይበታል። ሽፍታውና የኩላሊቱ ጉዳት ያንሳል። ስለዚህ «ቍርጥማት ነው»፣ «እርጅና ነው»፣ ወይም «የሳንባ ነቀርሳ ነው» እየተባለ ጊዜው ያልፋል። አንዳንድ ጊዜም እንደ አይሶናያዚድ ያለ የነቀርሳ መድኃኒት ሉፐስን የሚመስል ሕመም ያመጣል፤ ቢሆንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም።

እንግዲህ የሽማግሌው ሉፐስ ቀላል ነውን? አይደለም። በሽታው ራሱ ቢለዝብም ዘግይቶ ይታወቃል፤ ከደም ግፊት፣ ከስኳርና ከልብ ሕመም ጋርም ይደረባል። ፕሬድኒሶሎን እንኳ በሽታውን ሲያስታግሥ አጥንትን ያሳሳል፤ ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ወጣቱ የሚጎዳው በበሽታው ብርታት ሲሆን፣ ሽማግሌው በበሽታዎች መደራረብ ነው።

ሉፐስ ፈጽሞ የሚነቀልበት መንገድ የለውም፤ ነገር ግን ይገታል። ዋነኛው መድኃኒት የወባው ክሎሮኪን ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው። «ተሽሎኛል» ብሎ መተው በሽታውን መልሶ መጥራት ነው፤ ለዓመታት የሚወስደው ሰውም ዐይኑን ይመርመር። ልጅ መውለድ የምትሻ እኅት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ በሽታው ቢያንስ ለ6 ወር ጸጥ ካለ በኋላ ማርገዝ ይሻላል።

በደጋ አገር ብርዱ ያዘናጋል እንጂ የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል። ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ለሉፐስ ሕመምተኛ ጌጥ ሳይሆኑ ጋሻ ናቸው።

በዳማከሴ አንሳለቅም፤ እናቶቻችን አሳድገውናል። ምቹ ሲመላለስ ግን ለእኅታችንም ሆነ ለአያታችን የሽንትና የደም ምርመራ ይደረግላቸው ዘንድ አደራ እንላለን። ሽንትን መመርመር ብዙ ወጪ የለውም፤ ዘግይቶ የተደረሰበት ኩላሊት ግን በቀላሉ አይመለስም።