ከአንድ ኩንታል ስንዴ የሚያንሰው ሰማያዊ ገመድ

የዛሬው ጽሑፍ የስንዴና የገብስ ዋጋ የለበትም፤ እሱን እንደተለመደው ቅዳሜ ማታ እለጥፋለሁ። ዛሬ የማወራው ዋጋውም ክፍያውም ስለሚያልፍበት ዕቃ ነው። መጋዘን ያላችሁ ዩኒየኖችና ነጋዴዎች በተለይ አንብቡት።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ኮምባይነር በየማሳው በሚሯሯጥበት ሰሞን፣ አሰላ ውስጥ ኔትወርኩን የማይለት አንድ መጋዘን መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ አልነሳ አለ። ሚዛኑ ይሠራል፣ ስንዴው ይገባል፤ ግን መዝገቡ ወደ ዋናው ቢሮ አይሄድም፣ ክፍያውም አይለቀቅም። ገበሬው ጆንያውን አራግፎ ደረሰኝ ይዞ ቆመ። እኔ ላፕቶፔን ይዤ ዙሪያውን እዞራለሁ። ራውተሩ ካልተነሳ የአይፒ አድራሻ የለውም፤ ስለዚህ በኔትወርክ አይገኝም። መግቢያው አንድ ነው፦ ከኋላው "ኮንሶል" የሚል ጽሑፍ ያለው ቀዳዳ። ለእሱ የሚሆነው ገመድ ደሞ አልነበረኝም።

ባለሙያ ከአዲስ አበባ በሁለተኛው ቀን መጣ። ገመዱን ሰካ፣ ከየትኛው ፋይል እንዲነሳ የሚነግር አንድ መስመር ጻፈ፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ሁለት ቀን የቆመው ክፍያ በአንድ ገመድ እጦት ነው። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ትንሽ የመለማመጃ ላብ ሠራሁ፤ ያገለገሉ ሁለት ራውተሮችና አንድ ስዊች። ሆን ብዬ አበላሻቸዋለሁ፣ በኮንሶል አነሳቸዋለሁ። ጥያቄው በምን እንግባ የሚለው ነበር።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው አሮጌው ሲስኮ 2511 ነው። 16 ኮንሶል በአንድ ላይ ይይዛል፤ አንዴ በቴልኔት ከገባችሁ ከወደብ 2001 እስከ 2016 እየመረጣችሁ ወደፈለጋችሁት ዕቃ ትገባላችሁ። ግን ለብቻው የሚገዛ ባለ ስምንት እግር ልዩ ገመድ ይፈልጋል፤ የኔትወርክ መሰኪያውም የድሮ ስለሆነ ለእሱም ሌላ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ዕቃው ርካሽ፣ ተቀጥላው ውድ። 2811 ላይ ባለ 16 ወደብ ካርድ መጨመር ይሻላል፤ ነገር ግን እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ መብራትም ይበላል። ሦስት ዕቃ ላለው ሰው ሁለቱም ትርፍ ነው። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ላኪዎች በዚያ ቀን ፈገግ ብላችኋል፤ ዕቃ አስመጪ ግን ሒሳቡን እንደ አዲስ ነው የጀመረው።

ስለዚህ አንድ ጥሩ ዩኤስቢ የኮንሶል ገመድ ገዛሁ። ከአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋ በታች ነው። "ጥሩ" ያልኩት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ገመዱ ውስጥ ዩኤስቢውን የሚያስተረጉም ቺፕ አለ፤ የኤፍቲዲአይ ቺፕ ተመራጭ ነው፣ አስመሳዩም ብዙ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ኩባንያው በዊንዶውስ ዝማኔ በኩል ባወጣው ድራይቨር አስመሳዮቹ ከአገልግሎት ውጪ ሆነው ነበር። የፕሮሊፊክም አዲሱ ድራይቨር አሮጌና አስመሳይ ቺፕ አይቀበልም። ሌላው ችግር ደሞ ይብሳል፦ አንዳንዱ ርካሽ ገመድ ጽሑፍ ያስተላልፋል፣ "ብሬክ" የሚባለውን ምልክት ግን አይልክም። የይለፍ ቃል የጠፋበትን ሲስኮ ራውተር ለመክፈት ሲነሳ ያንን ምልክት መላክ ግድ ነው። እንዲህ ያለ ገመድ ላይ ከወደቃችሁ ፍጥነቱን 1200 አድርጋችሁ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩትና ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ስፔስ ባሩን ተጫኑ፤ ራውተሩ እንደ ብሬክ ይቆጥረዋል። ከዚያ ወደ 9600 መልሱት።

መርካቶ ላይ ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ይላችኋል። እኛ ስንዴ ስንገዛ ጆንያውን ወግተን ናሙና ሳናይ ገንዘብ እንከፍላለን? ገመዱንም እንደዚያው። አንድ የኔትወርክ ሶኬት ወስዳችሁ 3ኛውንና 6ኛውን መስመር በቁራጭ ሽቦ አገናኙ፣ ገመዱን ሰኩበት፣ ተርሚናል ከፍታችሁ ጻፉ። የጻፋችሁት ፊደል ተመልሶ ከመጣ ገመዱ ያስተላልፋል ማለት ነው። የብሬኩን ጉዳይ ግን ይህ አያሳይም፤ እሱን እውነተኛ ራውተር ላይ መሞከር ነው። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ዩኤስቢ የሚቀበል አንድሮይድ ስልክና የሴሪያል ተርሚናል አፕ ይበቃል።

ዕቃዎቹ አራትና አምስት ከሆኑ፣ ወይም መጋዘኑ በቆጂ ሆኖ እናንተ አሰላ ከሆናችሁ፣ ራስፕቤሪ ፓይ ከዩኤስቢ ሃብ ጋር አስቡ። ፓይ 4 በ2019 እ.ኤ.አ. ሲወጣ መነሻው 35 ዶላር ነበር። የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ዋት ስለሆነ በትንሽ ባትሪም ይሠራል፤ መብራት ለሚጠፋበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲም ካርድ ያለው ሞደም ብትጨምሩለት ዋናው ራውተር ቢሞትም በሌላ መንገድ ትገባላችሁ። ግን በቪፒኤን ብቻ ይሁን፤ ኮንሶልን ኢንተርኔት ላይ ክፍት መተው የመጋዘን ቁልፍ በር ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

እኔ ሁለት ገመድ አለኝ። አንዱ ቤት ላብ ላይ ነው፤ ሌላው መጋዘኑ ውስጥ፣ ራውተሩ ጎን ምስማር ላይ ተሰቅሏል። መጋዘን ጠባቂው ለማንም እንዳያውስ ነግሬዋለሁ።