ለጽጌረዳው እንከፍላለን፤ ለጥናቱስ ማን ይክፈል?

አንባቢ ሆይ! በጅማ መንገድ ወጥተው ወደ ሰበታ አካባቢ ሲደርሱ በላስቲክ የተሸፈኑ ረዣዥም ቤቶች ተደርድረው ያያሉ። በውስጣቸው የሚያብበው ጽጌረዳ ነው። መሬቱ የኢትዮጵያ ነው፤ ውሃው የኢትዮጵያ ነው፤ ለቃሚዎቹም የአገራችን ልጆች ናቸው። ዝርያው ግን ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ንብረት ነው። ያንን ቀለምና ያንን የእንቡጥ ቅርጽ ለማግኘት በሆላንድ ወይም በጀርመን ወይም በፈረንሳይ ብዙ ዓመት የደከመ አዳቃይ አለና፣ እርሻው ችግኙን ሲተክል ለእርሱ የመብት ክፍያ ይከፍላል። ሳይከፍል ቢቀር አበባው በአውሮፓ ገበያ ላይ ሊታገድበት ይችላል።

በእጅ የማይዳሰሰው ይህ ሀብት የአእምሯዊ ንብረት ይባላል። ስለ እርሱ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣው ሕጉ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣው ሌላ ነገር ነው። ሕጉ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ ቁጭ ብሎ ለሚመረምር ምሁር ገንዘቡን የሚሰጠው ማን ነው? ነገሩ ደረቅ ቢመስልዎትም ጥቂት ይታገሡን።

ሕግስ አላጣንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ከቁጥር 1647 ጀምሮ አንድ ሙሉ አንቀጽ ነበረው። በ1987 ዓ.ም. የፈጠራና የኢንዱስትሪ ንድፍ አዋጅ ወጣ፤ በ1995 ዓ.ም. ዛሬ ባለሥልጣን የተባለው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በ1996 የቅጂ መብት፣ በ1998 ደግሞ የንግድ ምልክትና የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጆች ተከተሉ። ይህ የመጨረሻው እንዲወጣ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ የአበባ እርሻ ነበር፤ አዳቃዮቹ ጥበቃ በሌለበት አገር አዲሱን ዝርያቸውን ለመላክ ያመነታሉና። አዋጁ ገበሬው ዘሩን የማስቀመጥና የመለዋወጥ መብቱ እንዳይነካበትም ደንግጎ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ግን በሌላ አዋጅ፣ በቁጥር 1068፣ ተተካ።

አዋጅ ማውጣትና አዋጁ ምን እንዳደረገ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት የሰበታ አበባ አምራች ምን አገኘ? ገበሬውስ? ይህን ለማወቅ መሄድ፣ መጠየቅ፣ መቁጠር ያስፈልጋል። የሚሄደው ሰው ደግሞ መብላት አለበት።

ከሌላ እርሻ፣ ከጤፍ፣ ምሳሌ እንውሰድ። (የውጭውን ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር እናስቀምጠዋለን።) በ2005 የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ተቋማችንና የግብርና ምርምር ድርጅታችን ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋሉ። ኩባንያው ጤፋችንን ወስዶ ምግብ ሊሠራበት፣ ትርፉንም ሊያካፍለን ነበር። ነገር ግን በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ ፓተንት ተሰጠ፤ በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ብቻ ሆኖ ቀረ። ፓተንቱ ራሱ በሌሎች እጅ ቆይቶ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም ሲል ፈረደ። የሚገርመው ግን ተከራካሪዎቹ ሁለት የሆላንድ ድርጅቶች ነበሩ። እኛ በችሎቱ አልነበርንም!

የዚህን ታሪክ ሰነድ ከሥሩ መርምሮ በ2012 ያወጣው ማን ነው ቢሉ፣ በኖርዌይ የሚገኘው የፍሪድትዮፍ ናንሰን ተቋም ነው። ሬጊነ አንደርሰንና ቶነ ዊንገ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የጻፉት ይህ ጥናት ስለ ጤፍ ውል በተነሣ ቁጥር የሚጠቀስ ነው። ሥራቸው የሚመሰገን ነው፤ ቅሬታም የለንም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ጎረቤቱ ቀድሞ ጮኸ።

ከውጭ የመጣ ገንዘብ ሁሉ አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። የአዲስ አበባው የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት ከአሜሪካው የፎርድ ፋውንዴሽን ብርቱ ርዳታ አግኝቷል። ስለ ቡናችንም ቢሆን፣ ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲያዙ መንገዱን ያሳየው ጥናት በብሪታንያ መንግሥት የልማት ርዳታ የተደገፈ ነበር። ጽሕፈት ቤታችን በ2005 ለአሜሪካ ማመልከቻውን አቀረበ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ጥቂት ገንዘብ ለጥናት ወጥቶ ስንት ነገር እንዳመጣ ከዚህ ይመለከቷል።

ሆኖም ገንዘብ የሰጠ ሰው ጥያቄውንም፣ አገሩንም ይመርጣል። የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል በ2007 በተጀመረ ፕሮግራም ስለ ቅጂ መብትና ስለ መጻሕፍት ተደራሽነት በስምንት የአፍሪካ አገሮች ሲያስጠና ግብጽ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሴኔጋልና ሌሎችም ነበሩበት፤ ኢትዮጵያ ግን አልነበረችም። ቀጥሎ ካናዳና ጀርመን የደገፉት ኦፕን ኤአይአር የተባለው የተመራማሪዎች ማኅበር በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ ተራው ደረሰን። ተሻገር ዳኜ ከናይጄሪያዊው ቺዲ ኦጉዋማናም ጋር ስለ ቡናችን የቦታ ስም፣ ወንድወሰን በለጠ ደግሞ ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ስለ ኢንዱስትሪው ግንኙነት ጽፈውበታል። መጽሐፉ ያለ ክፍያ ይገኛልና ተማሪ የሆኑ አንባቢዎቻችን ቢያነቡት አይቆጩም።

እንግዲህ ማንም ያልመረጣቸው ጥያቄዎች የት አሉ? ሩቅ አይደሉም፤ አዲስ አበባን በከበቧት ከተሞች ውስጥ ተቀምጠዋል። የሰበታው ሜታ ቢራ ፋብሪካ በ2012 ለዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ስንቱ ለጋኑና ለሕንፃው፣ ስንቱስ «ሜታ» ለሚለው ስም የተከፈለ ነው? በ2022 ስሙ ከፋብሪካው ጋር እንደገና እጅ ለውጧል። ወደ ሱሉልታ ሲወጡ ደግሞ የምንጭ ውሃ በጠርሙስ ይታሸጋል። ምልክቱ ለሰባት ዓመት ይመዘገባል፣ ይታደሳልም። የምንጩ አገር ስምስ የማን ነው? በቡራዩ ሸማኔዎች ይኖራሉ። በአዋጁ ንድፍ የሚጠበቀው አዲስ ሲሆን ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የወረደው ጥለት ግን አዲስ አይደለም። ስለዚህ ፋብሪካ ጥለቱን በጨርቅ ላይ አትሞ ቢሸጠው ሸማኔው ምን ብሎ ይከሳል? ለእኛ ከሁሉም የሚከብደን ይህ የጥለቱ ነገር ነው፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ አለበትና።

ደግሞም እነዚህ ጥናቶች ውድ አይደሉም። ማይክሮስኮፕ አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት የታክሲ ሒሳብ፣ የፎቶ ኮፒ፣ ኦሮምኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ነው። በማታው ክፍል እየተማረ ቀን በመሥሪያ ቤት የሚውል ወጣት የሁለት ወር ፈቃድ ቢያገኝ ስንቱን በጨረሰ ነበር! የጥናት በጀት ሲደለደል ለሕግና ለፖሊሲ የሚመደበውን የሚወስኑ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው፤ ለአንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ የሕግ ተመራቂዎች ይበቃል።

እስከዚያው ያሉትን በሮች ያንኳኩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በየጊዜው ለምርምር ርዳታ ማመልከቻ ይጋብዛልና መምህርዎን ይጠይቁ፤ በአንድ መምህር የምርምር ቡድን ውስጥ የሚገባ ተማሪ ብቻውን ከሚያመለክተው ይልቅ ይቀናዋል። ኢትዮጵያ በ1998 አባል የሆነችበት የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅትም በአካዳሚው በኩል የርቀት ትምህርት ይሰጣል። በዚምባብዌ ሙታሬ ከተማ ያለው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 ጀምሮ ከድርጅቱ ጋር ሆኖ በዚሁ ሙያ ማስተርስ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ለዚህም ትምህርት ጃፓን የነፃ ትምህርት ዕድል ስትደግፍ ኖራለች።

ማመልከቻ ሲጽፉ «በኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ሁኔታ» የሚል ሰፊ አርእስት አይምረጡ፤ አንብቦ የሚጨርሰው የለም። አንድ ዝርያ ጽጌረዳ ይያዙ፤ ለእርሱ በዓመት ስንት እንደሚከፈል፣ በምን ውል፣ ለማን እንደሆነ ይጠይቁ። ሥራው የሚጀመረው በሰበታ ከአንድ እርሻ የሒሳብ ክፍል ነው፤ የመብት ክፍያው የሚመዘገበው እዚያ ነውና።