ፈረስ በስምጥ ሸለቆው ጦር ሜዳ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርደው መንገድ ቢሾፍቱን አልፎ ሞጆ ሳይደርስ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል ጥቁር አፈር ያቋርጣል። በመጋቢት 1521 ዓ.ም የአፄ ልብነ ድንግልና የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ጦር ሽምብራ ቁሬ ላይ የተጋጠመው በዚሁ አካባቢ ነው።

የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው አረብ ፈቂህ ንጉሡ 16,000፣ ኢማሙ ግን 560 ፈረሰኛ ብቻ ይዘው እንደነበር ይተርካል። የአሸናፊ ወገን ጸሐፊ የጠላቱን ብዛት ማጋነኑ አይቀርም። አሥር እጥፍ ተጋንኗል ቢባል እንኳ የንጉሡ ፈረሰኛ ከኢማሙ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ድሉ ግን የኢማሙ ሆነ።

የፈረሰኛ ብዛት ብቻውን ድል ያላመጣው በከፊል ከራሱ ከፈረሱ ባሕርይ የተነሣ ይመስላል። ፈረስ፣ ጦር ደቅኖ ተጠጋግቶ የቆመ የእግረኛ ሰልፍ ላይ ዘሎ አይገባም፤ ይቆማል፣ ወይም ዞሮ ይሸሻል። ፈረሰኛ የሚያጠቃው እግረኛው ደንግጦ ሰልፉን ሲፈታ ነው፤ ያን ጊዜ ሮጦ የሚያመልጠው የለም።

የአገራችን ፈረሰኛ ደግሞ እንደ አውሮፓው ባላባት በብረት ተሸፍኖ የሚጋጭ አልነበረም። ባዶ እግሩን፣ አውራ ጣቱን ብቻ በትንሿ የእርካብ ቀለበት አስገብቶ፣ ጋሻውን በግራ ይዞ ይጋልባል፤ ጦሩን ወርውሮ ወዲያው ይታጠፋል። ዛሬ በጉግስ ጨዋታ የሚታየው ቅልጥፍና የዚያ ስልት ቅሪት ነው። ኦሮሞዎች ከሽምብራ ቁሬ በኋላ በነበሩት ጥቂት አሥርት ዓመታት ፈረስን የጦር መሣሪያ እንዳደረጉት የታሪክ ጸሐፊው አባ ባሕርይ ጽፈዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ስመ ጥር ፈረሰኞች ሆኑ።

ጠመንጃ ሲመጣ ሜዳው ተለወጠ። የአርሲ ፈረሰኞች በ1878 ዓ.ም መገባደጃ አዙሌ በተባለ ቦታ ጠመንጃ የታጠቀውን የሸዋ ጦር በጦርና በጋሻ ገጥመው እጅግ ብዙ ሰው አለቀባቸው። ያን ጀግንነት በመሣሪያ ብልጫ መሸነፉ አያሳንሰውም። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ አድዋ ላይ ደግሞ የጣሊያኑ ጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ ሲያፈገፍግ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ተከታትለው የፈጁት የኦሮሞ ፈረሰኞች ነበሩ፤ ሰልፉ አስቀድሞ ተፈትቶ ነበርና።

ከጠመንጃም በፊት ግን ሌላ ጠላት ነበር። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው በቫይረስ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ከወባ ትንኝ የምታንስ ተናካሽ ዝንብ በሞቃትና እርጥብ ቦታ ታዛምተዋለች። የታመመው ፈረስ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል፣ ከአፍንጫው አረፋ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜም በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። በበሽታው ከተያዙ ፈረሶች እስከ 95 በመቶ፣ ከበቅሎዎች ግን ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። መኳንንቱ በጉዞ በቅሎ ጭነው ፈረሱን እያስሳቡ ለውጊያ ብቻ ያቆዩት የነበረውም አንድም ፈረሱ እንዳይደክም፣ አንድም በቅሎ ቆላውን ስለምትችለው ይመስላል። የፈረስ አገር የሚባሉት ሰላሌና የአርሲ ደጋ መሆናቸውም ከዚህ ጋር ሳይገናኝ አይቀርም።

አዳማ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው የጋሪ ፈረስ ዛሬም ለዚያች ዝንብ የተጋለጠ ነው። መከላከያ ክትባቱ የሚመረተው ከሽምብራ ቁሬ ብዙም ሳይርቅ፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ነው።