በጣሪያ ሥር ስፍራን የሚያገኝ ረቂቅ ሞገድ

ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች መርከብን በውቅያኖስ፣ አውሮፕላንን በሰማይ እየመሩ ቢኖሩም፣ ምልክታቸው ከዚያ ሁሉ ርቀት ደክሞ የሚደርስ ስለሆነ፣ ኮንክሪትና ብረት በጋረደው መጋዘን፣ ፋብሪካ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ያለውን ሰው ስፍራ በታማኝነት ሊያመለክቱ አይችሉም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ጠቢባን ከደረሱባቸው መንገዶች ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው አልትራ ዋይድባንድ የሚባለው የሬዲዮ ጥበብ ነው።

የጥበቡ ምሥጢር ጊዜን መለካት ነው። በዕቃው ወይም በሰውየው ላይ የተንጠለጠለችው ትንሽ መሣሪያ ምልክት ትልካለች፤ በግድግዳ ላይ የተተከለው ተቀባይ ይመልስላታል፤ ከደርሶ መልሱ ጊዜ ተቀባዩ ለመመለስ የቆየበት ተቀንሶ የቀረው ለሁለት ሲከፈል ርቀቱ ይታወቃል፤ ከብዙ ተቀባዮች የተገኘው ርቀት ሲገናዘብም ስፍራው ይገለጣል። ነገር ግን የሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት የሚሄድ በመሆኑ፣ በአንድ ናኖ ሴኮንድ፣ ማለት በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛልና፣ የአንዱ መንገድ ጊዜ በዚህች ቅጽበት ያህል ቢስት ርቀቱም በዚያው ልክ ይስታል። በአየርላንድ የተመሠረተው ዴካዌቭ የሠራው ዲደብልዩ 1000 የተባለው ቺፕ የምልክትን መድረሻ ከ16 ፒኮ ሴኮንድ (ፒኮ ሴኮንድ የናኖ ሴኮንድ ሺኛ ክፍል ነው) ባነሰ ክፍልፋይ ይመዘግባል፤ በተግባር የሚገኘው ልኬት ግን፣ መንገዱ ክፍት ሲሆን፣ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚስት ነው።

ከሰዓቱ ረቂቅነት ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የምልክቱ ማጠር ነው። እረኛ በሸለቆ ውስጥ ድምፁን አስረዝሞ ሲያንጎራጉር የገደል ማሚቶው ከዜማው ጋር ስለሚቀላቀል የቱ ፊተኛ፣ የቱ ኋለኛ እንደሆነ መለየት ይቸግራል፤ ጅራፉን ሲያጮህ ግን ድምፁ ቁርጥ ያለ ነውና፣ በቀጥታ የመጣውንና ከገደሉ የተመለሰውን ጆሮ ወዲያው ይለያል። በአዳራሽ ውስጥም የሬዲዮ ምልክት ከግድግዳና ከብረት እየተንጸባረቀ ስለሚመለስ፣ ሁለት ናኖ ሴኮንድ ያህል ብቻ የሚቆየው አጭር ምት በቀጥታ የመጣውን ከነጸብራቁ ለይቶ ያስታውቃል። እንዲህ ያለ አጭር ምት ደግሞ በባሕርዩ ሰፊ የሞገድ ክልል፣ ቢያንስ 500 ሜጋ ኸርትዝ፣ ይፈልጋል። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2002 እ.ኤ.አ. ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋ ኸርትዝ ያለውን ክልል ሲፈቅድ፣ ሌሎች አገልግሎቶች እንዳይታወኩ ኃይሉ እጅግ አነስተኛ እንዲሆን ወስኗል።

በጀርመን አገር በሬገንስበርግ ከተማ ባለው የቢኤምደብልዩ ፋብሪካ፣ ዓይነታቸው የተለያየ መኪናዎች በአንድ መስመር ተከታትለው ሲመጡ፣ የብሎን ማጥበቂያው መሣሪያ ከየትኛው መኪና አጠገብ እንዳለ በዚህ ጥበብ እየታወቀ፣ ሠራተኛው ምንም ሳይነካ ለዚያ መኪና የተወሰነው የማጥበቂያ ኃይል ይሰጠዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ አይፎን 11 የተባለው ስልክ በዚሁ ጥበብ የሚሠራ ቺፕ ይዞ ወጥቷል።

ይሁን እንጂ የሰው አካል አብዛኛው ውኃ በመሆኑ ምልክቱን ይውጠዋል፤ የብረት መደርደሪያም ይጋርደዋል፤ ያን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ነጸብራቁ ይሆንና ርቀቱ ከእውነተኛው በዝቶ ይታያል። ስለዚህ ይህን መሣሪያ ለሆስፒታሉ ወይም ለመጋዘኑ ሊገዛ ያሰበ አስተዳዳሪ፣ ሻጩ በባዶ አዳራሽ ባሳየው ልኬት ብቻ አይርካ፤ ሰውና ዕቃ በሞላበት በሥራ ሰዓት እንዲለካለት ይጠይቅ።