የአማተር ሬዲዮ የቦታ ማሳወቂያ ሥርዓት እና የቅብብሎሽ ጣቢያዎች አሠራር

የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያለው ሰው የሚገኝበትን ቦታ በየተወሰነ ጊዜ በሬዲዮ ለሌሎች የሚያሳውቅበት ሥርዓት በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤ.ፒ.አር.ኤስ. በመባል ይታወቃል። ሥርዓቱን ያዳበሩት በአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ መሐንዲስ የነበሩት ቦብ ብሩኒንጋ ናቸው። ዓላማው ተጓዥን በካርታ ላይ መከታተል ብቻ እንደሆነ አድርጎ መረዳት የተለመደ ቢሆንም፣ አጫጭር መልእክቶችና የአየር ሁኔታ መረጃዎችም ይተላለፉበታል።

ከጂፒኤስ መቀበያ የተገኘው የቦታ ልክ ከባለፈቃዱ የጥሪ ምልክት ጋር ተጣምሮ በሰከንድ 1200 ቢት ፍጥነት ይሰራጫል። በአውሮፓ የተለመደው ፍሪኩዌንሲ 144.800 ሜጋኸርትዝ ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ ግን 144.390 ሜጋኸርትዝ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አከፋፈል ከአውሮፓ ጋር በክልል 1 ውስጥ ስለምትገኝ፣ ከአሜሪካ የመጣ መሣሪያ በፋብሪካ በተሞላለት ፍሪኩዌንሲ መሥራት የለበትም።

በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ኃይሉ አነስተኛ በመሆኑ ብቻውን ሩቅ አይደርስም። ክፍተቱን የሚሞላው በከፍታ ቦታ የሚተከለው የቅብብሎሽ ጣቢያ ነው። ይህ ጣቢያ የሰማውን መልእክት ወዲያው በዚያው ፍሪኩዌንሲ መልሶ ያሰራጫል። መልእክቱ በስንት ጣቢያዎች እንደሚያልፍ የሚወስነው ግን ላኪው ነው፤ በመልእክቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በእያንዳንዱ ቅብብሎሽ አንድ እየቀነሰ ሄዶ ዜሮ ሲደርስ መልእክቱ ይቆማል። ለተሽከርካሪ ሁለት ቅብብሎሽ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። ቁጥሩን ማብዛት ተደራሽነትን የሚጨምር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሁሉም ጣቢያዎች የሚጠቀሙት አንድ ፍሪኩዌንሲ በመሆኑ፣ አንዱ አላግባብ ያስደጋገመው መልእክት የሌላውን ይሸፍናል፤ የተሸፈነው መልእክት የአደጋ ጥሪ ሊሆን ይችላል።

የቦታ መግለጫ ደረሰኝ የለውም። ላኪው ካልተሰማ፣ መሣሪያው አለመሰማቱን አውቆ አይደግምለትም፤ የሚቀጥለው መግለጫ የሚላከው ሰዓቱ ሲደርስ ነው። የዚህ ባንድ ሞገድ ተራራን አያልፍም ማለት ይቻላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚጓዝ ሰው ወደ ዓባይ በረሃ በወረደ ጊዜ፣ ከሸለቆው አፋፍ ላይ ወደ ታች የሚያይ ጣቢያ ከሌለ፣ መሣሪያው ሳያቋርጥ እየላከ ማንም ላይሰማው ይችላል። በካርታው ላይ የሚታየው ወደ ሸለቆው ከመግባቱ በፊት የነበረበት ቦታ ነው። ስለሆነም ተጓዡ በሚሄድበት መስመር የቅብብሎሽ ጣቢያ መኖሩን አስቀድሞ ማጣራት፣ የጉዞውንም ዕቅድ ለቤተሰብ መንገር ይኖርበታል። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በ145.825 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ የአማተር ቅብብሎሽ አለ፤ ሆኖም ጣቢያው በአንድ አካባቢ ሰማይ ላይ የሚቆየው ቢበዛ ለአሥር ደቂቃ ያህል ስለሆነ ለድንገተኛ ችግር የሚታመኑበት አይደለም።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ የመረጃው ግልጽነት ነው። መልእክቱ በምስጢር አይጻፍም፤ መቀበያ ያለው ሁሉ ያነበዋል። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ጣቢያ ከሰማው ደግሞ ዓለም በሙሉ በሚያየው ካርታ ላይ ይወጣል፤ መዝገቡም ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። መኖሪያ ቤቱ እንዲታወቅ የማይፈልግ ባለፈቃድ ወደ ቤቱ ከመቃረቡ በፊት መሣሪያውን ቢያጠፋ ወይም የቦታውን ልክ በግምት እንዲያሳይ ቢያስተካክለው ይመረጣል።

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መሣሪያ ለመግዛት ወይም ከውጭ ለማስገባት ያሰበ ሰው፣ የቅብብሎሽ ጣቢያ ለመትከል የሚፈልግም ጭምር፣ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ስለ ፈቃዱና ስለ መሣሪያው ተቀባይነት ባለሥልጣኑን መጠየቅ አለበት። መልእክቱን ለመስማት ብቻ የጥሪ ምልክት አያስፈልግም፤ ለማሰራጨት ግን የግድ ነው።