ቃል እንጂ ፊደል አንቈጥብ

በስልክ የጽሑፍ መልእክት ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከው ኅዳር 24 ቀን 1985 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ነው። ኒል ፓፕዎርዝ የተባለው ወጣት መሐንዲስ የላከው ቃል «መልካም ገና» የሚል ነበር። ዛሬ ነጋዴው የሸጠበት ገንዘብ መግባቱን የሚያውቀው በዚሁ መልእክት ነው።

የቀድሞ ስልኮች ፊደላችንን ስለማያውቁ አማርኛን በላቲን መጻፍ ተለመደ። ዛሬ ስልኩ ቢያውቀውም ልማዱ አልለቀቀንም። ምክንያቱን ሲጠየቅ፤ «በላቲን 160 ሆሄ የሚይዘው መልእክት በእኛ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡን እንመርምር። «ሰላም» በእኛ 3 ሆሄ፤ በላቲን 5 ነው። በዚህ ስሌት 70ው ሆሄያችን ወደ 117 የሚጠጋ የላቲን ሆሄ ሥራ ይሠራል። እንግዲህ ኪሳራው የተወራውን ያህል አይደለም።

የሚከፋው የትርጕም ጉዳት ነው። በተለመደው የላቲን አጻጻፍ «ጠ» እና «ተ» ባንድ ሆሄ ስለሚጻፉ፤ «ወንድምህ መጣ» የተባለው «ወንድምህ መታ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በቤት ሳቅ የሆነው ስሕተት በጽሕፈት ቤት ጉዳይ ላይ ሲደርስ ጥል ይሆናል።

ማሳጠር ነውር የለበትም፤ አባቶቻችንም ቴሌግራም ሲልኩ በቃል ቍጥር ይከፍሉ ስለ ነበር ያሳጥሩ ነበር። ነገር ግን እነርሱ የቈጠቡት ቃል ነው፤ እኛም ቃል እንጂ ፊደል አንቈጥብ።