ሲባጎ፣ ውሃ ልክና የሰው ጉልበት

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ የምትገኘው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ነው። በክረምት ከተራሮቹ የሚንደረደረው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፤ የገጠሩንም መንገድ ይቆርጣል። በበጋ ደግሞ የእርሻ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ሥራ ፈላጊው ይበዛል። መሬቱ ሠራተኛ፣ ሰዉም ሥራ ይሻል። ሁለቱን ማገናኘት ቀላል ቢመስልም ብዙ ስሌት አለበት።

በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሞከረው ይህንኑ ነበር። በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚያጋጥማቸው ቤተሰቦች እርከን እየሠሩ፣ መንገድ እየጠረጉ ክፍያ ያገኙ ጀመር። በመነሻው ስሌት ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰብ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የግብርና ሚኒስቴር የተፋሰስ ልማት መመሪያ እንደሚያመለክተው አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150፣ የድንጋይ እርከን ደግሞ 250 የሰው ቀን ይጠይቃል። እንግዲህ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን የ30 ሰዎች የአንድ ወር ድርሻ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ጉልበት መጽናቱ ወይም መባከኑ የሚወሰነው በቀላል መሣሪያ ነው። በሁለት ዘንጎች መካከል የ10 ሜትር ሲባጎ ይወጠራል፤ ከመሐሉም ውሃ ልክ ይንጠለጠላል። አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም ዘንጎቹ ያረፉባቸው ሁለት ነጥቦች እኩል ከፍታ አላቸው። ስህተቱ በ10 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው እንበል። ወደ አንድ አቅጣጫ ከተደጋገመ በ60 ሜትር ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም የተለመደው የእርከን ቁመት ራሱ ነው! ውሃው በዝቅተኛው ጫፍ ተከማችቶ እርከኑን ይዘልቃል፤ ከሥሩም ቦረቦር ይቆፍራል። እርከኑ ባይኖር ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ አንድ ቦታ ተሰብስቦ መውረዱ ነው ክፋቱ።

መንገድም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። የጠጠር መንገድ መሐሉ ከጠርዙ ከፍ ማለት አለበት፤ በየሜትሩ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል። አለዚያ ዝናቡ መሐሉ ላይ ይተኛና መንገዱን ያላሽቀዋል። አንዳንዶች በእጅ የተሠራ መንገድ ከዶዘር ሥራ ያንሳል ይላሉ። እኛ አንስማማም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1974 በጀመረችው የገጠር መዳረሻ መንገዶች ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በዋናነት በሰው ጉልበት ሠርታለች። ለጥገናውም በመንገዱ ዳር የሚኖሩ፣ በግንባታው የተሳተፉ ሰዎችን ቀጥራ የተወሰነ ርቀት እንዲጠብቁ አድርጋለች።

የእኛ ችግር ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። የሴፍቲኔቱ ሥራ የታቀደው እርሻ በሚቀዘቅዝበት ወቅት እንዲከናወን ነው። እርከኑ የሚሰበረው፣ የመንገዱ ቦይ በደለል የሚዘጋው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ገበሬው ከማሳው በማይወጣበት፣ የደመወዙ መዝገብም በተዘጋበት ሰዓት።